ለሌሎች የተሠራች መርከብ

«ኢትዮጵያ» የተባለችው የባሕር ኃይል መርከብ በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ስትሸጥ፣ ውሃ ከነካች ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏት ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ወራትና ቀኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዕድሜዋ በሁለት ስም ተጠርታለች፤ የሁለት አገር ሰንደቅ ዓላማ ተሰቅሎባታል፤ ለፕሬዚዳንትም፣ ለንጉሠ ነገሥትም፣ ለደርግም ታዛለች። ጠላት በማስጠም ግን ስሟ አይነሣም፤ ለዚያ አልተሠራችምና። የተሠራችው ሌሎች የየራሳቸውን ሥራ እንዲሠሩ ነው።

ስለ እሷ የተጻፈው ጥቂት ነው። በአሜሪካ የባሕር ኃይል መዛግብት ዝርዝሩ የሚያወራው ስለ መጀመሪያ ዘመኗ ሲሆን የኢትዮጵያ ዘመኗ መጨረሻ ላይ በአንድ ሁለት ዐረፍተ ነገር ያልፋል። በእኛ ዘንድ ደግሞ የባሕር ኃይል ነገር ሲነሣ ቁጭቱ ቀድሞ ይመጣና የተሠራውን ሥራ ይሸፍነዋል። እኔ እዚህ ላይ የወደብ ጥያቄ አላነሣም። ልመረምር የምፈልገው ሌላ ነው፦ የረዳት ሥራ ከዋናው ሥራ ያንሳል ወይ? አንድ ነገር ብዙ ጌቶችን ካገለገለ አገልግሎቱ የማን ነው? ያገለገለው ሲጠፋስ አገልግሎቱ ወዴት ይሄዳል? እነዚህን በባዶ ሜዳ ከመጠየቅ በአንዲት መርከብ ዕድሜ ላይ አሳርፎ መጠየቅ ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

የመጀመሪያ ስሟ «ኦርካ» ነበር፤ አላስካ ውስጥ ባለ የባሕር ሰርጥ የተሰየመች። የተሠራችው በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ ከሲያትል ማዶ፣ ሐውተን በተባለ የሐይቅ ዳርቻ ነው። ውቅያኖስን ልታቋርጥ የታሰበች መርከብ ጨው በሌለበት ሐይቅ መወለዷ የሚገርም ቢሆንም ሐይቁን ከባሕሩ ጋር የሚያገናኝ ሰው ሠራሽ ቦይ አለ። በጥቅምት 1942 ወደ ውሃ ወረደች፤ በጥር 1944 በባሕር ኃይሉ ተመዝግባ ሥራ ጀመረች። ርዝመቷ ወደ 95 ሜትር፣ ክብደቷ ሙሉ ጭነት ስትይዝ ወደ 2,750 ቶን ነበር። የናፍጣ ሞተሮቿ በድምሩ 6,000 የፈረስ ጉልበት ነበራቸው። በአንድ ንድፍ ከተሠሩት 35 መርከቦች አንዷ ስትሆን የመጀመሪያዋ እኅታቸው «ባርኔጋት» ስለምትባል ሁሉም በዚያ ስም ይታወቃሉ።

እነዚህ መርከቦች ምን ይሠሩ ነበር? በ1930ዎቹ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሰላማዊ ውቅያኖስን ያህል ስፋት መጠበቅ ፈለገ። ደሴቶቹ ብዙ፣ የአውሮፕላን ማረፊያዎቹ ግን በጣም ጥቂት ነበሩ። ስለዚህ ውሃ ላይ የሚያርፍ አውሮፕላን ዋነኛ የቅኝት መሣሪያ ሆነ። ውሃ ላይ ማረፍ ግን የነገሩ ግማሽ ብቻ ነው። አውሮፕላኑ ካረፈ በኋላ ቤንዚን ማን ይቀዳለታል? የተበላሸ ሞተሩን ማን ይፈታል? ሌሊቱን ሲበር ያደረ አብራሪ የት ይተኛል፣ ምን ይበላል? ስለ ነገ አየር ጠባይ ማን ይነግረዋል? ኦርካና እኅቶቿ የተሠሩት ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ እንዲሆኑ ነው። ቀድመው ይሄዱና ከማዕበል የተከለለ የባሕር ሰርጥ ፈልገው መልህቅ ይጥላሉ። አውሮፕላኖቹ የሚታሰሩባቸውን ተንሳፋፊ ምልክቶች ይዘረጋሉ። ጥልቀት በሌለው ውሃ መግባት እንዲችሉ ከውሃ በታች ያለው አካላቸው አራት ሜትር ገደማ ብቻ እንዲሆን ተደርጎ ነበር። አንዷ መርከብ ለአውሮፕላኖቹ ብቻ 80,000 ጋሎን ቤንዚን ትይዛለች። ከራሷ መርከበኞች ሌላ ለአንድ የአውሮፕላን ጓድ ሰዎች መኝታ፣ ምግብ፣ የጥገና ክፍልና መለዋወጫ ታቀርባለች። ባዶ የነበረ የባሕር ሰርጥ በአንድ ቀን አየር ኃይል ጣቢያ ይሆናል፤ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወደ ፊት ሲገፋ ጣቢያው መልህቁን አንሥቶ ይከተላል።

ከዚህ ውስጥ አንዱን ነገር አጥብቄ እይዛለሁ። በ80,000 ጋሎን ቤንዚን ላይ ተኝቶ በጠላት አውሮፕላን ክልል ውስጥ ቆሞ መጠበቅ ቀላል ድፍረት አይደለም። ተዋጊ መርከብ ትሮጣለች፣ ትዞራለች፣ ትመታለች። አገልጋይዋ መርከብ ግን አውሮፕላኖቿ ተመልሰው እንዲያገኟት ባለችበት መገኘት አለባት። ሥራዋ በቦታዋ መኖር ነው። ለእንዲህ ዓይነት ድፍረት ሜዳልያ እምብዛም አይሰጥም፤ የመጀመሪያው ጥያቄዬም ከዚህ ይነሣል።

በ1944 መጨረሻ ኦርካ በፊሊፒንስ፣ በሌይቴ ባሕረ ሰላጤ ከነበሩት አገልጋይ መርከቦች አንዷ ነበረች። በዚያ ሰሞን፣ ታኅሣሥ 3 ቀን ሌሊት፣ «ኩፐር» የተባለች የአሜሪካ ተዋጊ መርከብ (ዲስትሮየር) በኦርሞክ ባሕር ሰርጥ በቶርፔዶ ተመትታ ሰጠመች። 191 ሰዎች ሞቱ። የተረፉት የጠላት ጦር በያዘው ዳርቻ አጠገብ ለሰዓታት ሲንሳፈፉ ቆይተው በቀን ብርሃን ካታሊና የተባሉ የባሕር አውሮፕላኖች ደረሱላቸው። አንዱ ካታሊና ብቻውን 56 ሰዎች ጫነ። ለአሥር ሰው ያህል የተሠራ አውሮፕላን ያን ሁሉ ነፍስ ተሸክሞ ከውሃው ተነሣ።

እነዚያን 56 ሰዎች ማን አዳናቸው? የሚመጣልን መልስ አብራሪው ነው፤ እውነትም ነው። ግን አብራሪው ቤንዚን ያገኘው ከየት ነው? ሞተሩን ያጠበቀው ማን ነው? አዳኙ አውሮፕላን በዚያ ቀን በዚያ ሰማይ ሊገኝ የቻለው ባሕረ ሰላጤው ላይ መልህቅ ጥለው የቆሙ አገልጋይ መርከቦች ስለነበሩ ነው። አንድ ሰው «ይህማ ማለቂያ የለውም፤ ቤንዚኑን የቀዳውን ካመሰገንን፣ ቤንዚኑን ያጣራውን፣ ጉድጓዱን የቆፈረውን፣ ቆፋሪውን የወለደችውን እናት ሁሉ ልናመሰግን ነው» ይል ይሆናል። ተቃውሞው ጠንካራ ነው፤ በቀላሉ ላልፈው አልፈልግም። መልሴ ግን ይህ ነው፦ በምክንያቶች ሰንሰለት ውስጥ ሁሉም ቀለበት እኩል አይደለም። ነዳጅ ቆፋሪው ነዳጁ ለምን እንደሚውል አያውቅም፤ ለሌላ ነገር ቢውልም ሥራው ያው ነው። አገልጋይዋ መርከብ ግን ያለ አውሮፕላኖቹ ትርጉም የላትም። የተነደፈችው፣ የቆመችው፣ አደጋውን የተቀበለችው ለዚያ ሥራ ብላ ነው። ከሥራው ጋር በዓላማ የታሰረ የሥራው ተካፋይ ነው፤ በአጋጣሚ የነካው ግን አይደለም።

የቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ይህን ከብዙ ፈላስፎች ቀድሞ ያወቀው ይመስለኛል። ቄስ የቱንም ያህል ሊቅ ቢሆን ብቻውን አይቀድስም፤ ቢያንስ ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት ካልተሟሉ ቅዳሴ አይገባም። ዲያቆኑ ረዳት ነው፤ ግን ያለ እሱም ሙሉ የሚሆን ነገር ላይ የተጨመረ ሰው አይደለም። እሱ ከሌለ ነገሩ ራሱ የለም። «ረዳት» ስንል አንዱን ከሌላው በታች የምናስቀምጠው፣ ፊት ለፊት የሚታየውን ከሚያስችለው ጋር ስለምናምታታ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ጥያቄ እንዲህ እዘጋለሁ፦ የረዳት ሥራ በመታየት ያንሳል፣ በአስፈላጊነት አያንስም።

ይህን ያለ ሰው ግን አንድ ዕዳ አለበት። ረዳት የክብሩ ተካፋይ ከሆነ የጥፋቱም ተካፋይ ነው። የኦርካ ታሪክ ከዚህ እንድሸሽ አይፈቅድልኝም። በ1946 መርከቧ በማርሻል ደሴቶች፣ በቢኪኒ፣ አሜሪካ ባካሄደችው የአቶም ቦምብ ሙከራ ድጋፍ ከሰጡት መርከቦች አንዷ ነበረች። በሐምሌ ወር ሁለት ቦምቦች ፈነዱ። ከሙከራው በፊት 167 የቢኪኒ ነዋሪዎች ከደሴታቸው እንዲለቁ ተደርገዋል፤ የእነሱ ዘሮች እስከ ዛሬ ወደ አባቶቻቸው መሬት በሰላም ተመልሰው አልሰፈሩም። ከሁለት ዓመት በፊት የሰው ነፍስ ለሚያድኑ አውሮፕላኖች ቤት የሆነ ዓይነት መርከብ፣ እዚህ ሰውን ከምድሩ ላፈናቀለ ሥራ ቤት ሆነ። ቤንዚኑ ያው ቤንዚን ነው፤ አልጋውም ያው አልጋ ነው።

«መርከብ ግዑዝ ነው፤ ግዑዝ ደግሞ አያገለግልም፣ አይበድልም፤ የሚያገለግለውም የሚበድለውም ሰው ነው» የሚለውን ሐሳብ እዚህ ላይ መመዘን አለብኝ። ብረቱን ማንም ለፍርድ አያቆመውም። ሆኖም «መርከቧ አገለገለች» ስንል ስለ ብረት ብቻ የምንናገር አይመስለኝም። በአንዲት መርከብ ላይ በየዘመኑ የሚፈራረቁ ሰዎች አሉ፤ አይተዋወቁም፣ ብዙ ጊዜም ቋንቋቸው አንድ አይደለም፤ ግን አንዱ ያጸዳውን ሞተር ሌላው ያስነሣል፣ አንዱ የጀመረውን መዝገብ ሌላው ይቀጥላል። በ1944 በሞተር ክፍሉ ያላበው አሜሪካዊና በ1960ዎቹ በዚያው ክፍል የቆመው ኢትዮጵያዊ የሚገናኙበት ቦታ ይህች መርከብ ብቻ ናት። «የመርከቧ አገልግሎት» የምንለው ይህን በጊዜ የተዘረጋ የሰዎች ቅብብል ነው። ስለዚህ ተጠያቂነቱም በቅብብሉ ውስጥ ላዘዙትና ለታዘዙት እንደየድርሻቸው ይከፋፈላል፤ «እኔ ረዳት ብቻ ነኝ» ማለት ግን ማንንም ከድርሻው ነጻ አያወጣም።

ከቢኪኒ በኋላ ኦርካ በ1947 ከአገልግሎት ወጥታ ተቀመጠች። በ1951 በኮሪያ ጦርነት ጊዜ ተመልሳ እስከ 1960 ሠራች። በዚህ መካከል የተሠራችበት ምክንያት ራሱ እየከሰመ ነበር። ጦርነቱ በየደሴቱ የአውሮፕላን ማኮብኮቢያ ትቶ ሄዷል፤ ከየብስ የሚነሡ አውሮፕላኖች ሩቅ መብረር ጀምረዋል። አሜሪካ በ1967 የመጨረሻውን የባሕር አውሮፕላን ከባሕር ኃይሏ አስወጣች። አገልጋይ የሚያገለግለው ሲጠፋ ምን ይሆናል?

አመክንዮው ቀጥተኛ ቢሆን ኖሮ መልሱ «ይጠፋል» ነው። ዓላማው የጠፋ መሣሪያ ወደ ጓዳ ይገባል። የባርኔጋት መርከቦች ዕጣ ግን እንዲህ አልነበረም፤ የዚህ ሐተታ ዋና ነገርም እዚህ ላይ ነው። 18ቱ ለአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጠባቂ ተሰጥተው በአትላንቲክና በሰላማዊ ውቅያኖስ መካከል እየቆሙ የአየር ጠባይ ሲከታተሉ ኖሩ። ሦስቱ፣ «ቫልኩር»፣ «ግሪንዊች ቤይ» እና «ዳክስበሪ ቤይ»፣ በየተራ የአሜሪካ የመካከለኛው ምሥራቅ ባሕር ኃይል አዛዥ የሚቀመጥባቸው መርከቦች ሆኑ። «ቲምባሊየር» ግሪክ ሄዳ የመንገደኞች መርከብ ሆነች። «ጋርዲነርስ ቤይ» በ1958 ለኖርዌይ ተሰጥታ «ሆከን 7ኛ» ተብላ የዕጩ መኮንኖች ማሠልጠኛ ሆነች። ኦርካ ደግሞ በጥር 1962 ለኢትዮጵያ ተላልፋ «ኢትዮጵያ» ተባለች፤ መለያዋም ኤ-01 ሆነ።

ሠላሳ አምስት እኅትማማች መርከቦች ከተሠሩበት ዓላማ ውጭ ይህን ሁሉ ሥራ እንዲሠሩ ያስቻላቸው ምንድን ነው? ዲስትሮየርን ያየን እንደሆነ ሆዷ በራሷ ነገር የተሞላ ነው፤ በጥይት፣ በቶርፔዶ፣ ለፍጥነት በተሠሩ ግዙፍ ሞተሮች። መሣሪያዋ ሲያረጅ እሷም ታረጃለች። አገልጋይዋ መርከብ ግን ከሁሉ በላይ የያዘችው ለሌላ ሰው የተተወ ቦታ ነው። የአውሮፕላን ጓድ ሰዎች የተኙበት አልጋ ዕጩ መኮንን ያስተኛል። የአውሮፕላን ሞተር የተፈታበት የጥገና ክፍል መካኒክ ያስተምራል። ከሩቅ አብራሪ ጋር ያወራ የሬዲዮ ክፍል ሬዲዮ ኦፕሬተር ያሠለጥናል። ለአየር ጠባይ ተመልካችም፣ ለአዛዥም፣ ለጎብኚም የሚሆን ክፍል አለ። ራሷን ለሌላው ክፍት አድርጋ የተሠራች ስለሆነች፣ የመጀመሪያው እንግዳ ሲሄድ ሁለተኛውን ልትቀበል ቻለች። በዚህ ምክንያት አገልጋይነት ጠባብ ሙያ አይደለም እላለሁ። ከሙያዎች ሁሉ ለመለወጥ የሚመቸው እሱ ነው፤ መሠረቱ ለሌላው ቦታ መተው ስለሆነ።

በ1962 ምጽዋ የጠበቃት ባሕር ኃይል ገና ልጅ ነበር። ኢትዮጵያ የጠረፍ ጥበቃ ያቋቋመችው በ1955 ነው፤ ባሕር ኃይሉ ራሱን የቻለ ክፍል የሆነው በ1958። የኖርዌይ መኮንኖች በማደራጀትና በማሠልጠን ረድተዋል፤ ኖርዌይ ራሷ የዚህችኑ መርከብ እኅት ማሠልጠኛ አድርጋ እየተጠቀመች ነበር። የመኮንኖቹ ኮሌጅ አሥመራ፣ የባሕርተኞቹ ማሠልጠኛ ምጽዋ ነበሩ። ትምህርቱ ከአራት ዓመት በላይ የሚፈጅ ነበር፤ መጽሐፍ ብቻውን ባሕርተኛ አያደርግምና የሚማሩበት ትልቅ መርከብ አስፈለጋቸው። «ኢትዮጵያ» ለ29 ዓመት የባሕር ኃይሉ ትልቋ መርከብና የማሠልጠኛ መርከቡ ሆና ቆየች። በየዓመቱ በምጽዋ በሚከበረው የባሕር ኃይል ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ይገኙ ነበር፤ የአሜሪካ፣ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይ፣ የሶቪየት ኅብረትም ጭምር መርከቦች እንግዳ ሆነው ይመጡ ነበር። ዓለምን በጠላትነት ለሁለት የከፈሉ ኃይሎች ምጽዋ ላይ ጎን ለጎን መልህቅ ጥለው አንዱ የሌላውን መኮንን ሰላም ይል ነበር።

አንድ ስሌት እንሥራ። በአሜሪካ ሰንደቅ ዓላማ ሥር በሥራ ላይ የቆየችው፣ የተቀመጠችበትን ሳንቆጥር፣ 12 ዓመት ያህል ነው። በኢትዮጵያ 29። ስለ እሷ የተጻፈው ግን አብዛኛው ስለ 12ቱ ነው። ስለዚህ አገልግሎትን የሚለካው ዘመን አይደለም፤ የሚለካው ማን እንደመዘገበው ነው። ይህ ፍርድ ትክክል ነው ማለቴ አይደለም። እስከ ዛሬ ሲሠራበት የኖረው ግን ይኸው ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ አገልግሎቱ የማን ነው የሚለው፣ ከ1974 በኋላ እየከረረ ሄደ። የባሕር ኃይሉ ምክትል አዛዥ የነበሩት ልዑል እስክንድር ደስታ በኅዳር 1974 ደርግ ካለ ፍርድ ከገደላቸው ስድሳ ያህል ሰዎች አንዱ ሆኑ። መርከቧ ግን ቀጠለች። እስከዚያ ድረስ በውሰት የተያዘች ነበረች፤ በ1976 ተገዝታ የኢትዮጵያ ንብረት ሆነች። በዓመቱ ከአሜሪካ ጋር የነበረው ወዳጅነት ፈረሰ፤ የሶቪየት መርከቦችና አማካሪዎች መጡ። ባሕር ኃይሉ ከጠረፍ ጠባቂነት ወደ እርስ በርስ ጦርነት ገባ። በ1977 መጨረሻ ምጽዋ በኤርትራ ተዋጊዎች ስትከበብ ከባሕር የተተኮሰው መድፍ በውጊያው ውስጥ ነበር። በዚያ ባሕር ኃይል ውስጥ ደግሞ የኤርትራ ተወላጆች ነበሩ፤ ወደብ ያሳደጋቸው፣ አሥመራ የተማሩ፣ ሥራቸውን የሚወዱ። አንዳንዱ መርከበኛ ወንድሙ ያለበትን የብስ ከመርከብ ያይ ነበር።

አገልግሎቱ የባለቤቱ ነው ካልን፣ የ1960ዎቹ ሥልጠና የንጉሡ፣ የ1980ዎቹ የደርግ ሊሆን ነው፤ ሁለቱም መንግሥታት ሲፈርሱ አገልግሎቱም አብሮ ፈርሷል ማለት ነው። ይህን አልቀበልም። አንድ ወጣት አቅጣጫ በከዋክብት መለየት ሲማር የተማረው የማንንም መንግሥት አቅጣጫ አይደለም። አገልግሎቱ የሰንደቅ ዓላማው ነው ብንልም አይጸናም፤ በዚያች መርከብ መልህቅ መጣል የተማረ ኤርትራዊ ከ1991 በኋላ ዕውቀቱን አልመለሰም፣ ሊመልስም አይችልም። የሚቀረው አንድ መልስ ነው፦ አገልግሎት የተቀባዩ ነው። የሰጪውም የአዛዡም ስም ይለወጣል፤ የተቀበለው ሰው ግን ይዞት ይሄዳል። የኩፐር ባሕርተኞች የተሰጣቸው ሕይወት የእነሱ ነው። የምጽዋ ዕጩ መኮንኖች የተሰጣቸው ሙያ የእነሱ ነው። በዚሁ ሚዛን የቢኪኒ ሰዎች የደረሰባቸው መነቀልም የእነሱ ሆኖ ቀርቷል፤ ያዘዘው ትውልድ ቢያልፍም።

መጨረሻዋን ለመፍረድ የእኅቶቿን መጨረሻ ማየት ይረዳል። በ1971 እና በ1972 ሰባት የባርኔጋት መርከቦች ለደቡብ ቬትናም ተሰጥተው ነበር። ሚያዝያ 1975 ሳይጎን ስትወድቅ ስድስቱ መርከበኞቻቸውን ይዘው ወደ ፊሊፒንስ ሸሹ፤ ከእነሱም አራቱ የፊሊፒንስ ባሕር ኃይል መርከቦች ሆነው ሌላ ዘመን ጀመሩ። ሰባተኛዋ እዚያው ቀርታ ለአዲሱ መንግሥት አገለገለች። ከአሥራ ስድስት ዓመት በኋላ የእኛይቱ በዚያው ምርጫ ፊት ቆመች። ምጽዋ በየካቲት 1990 በኤርትራ ተዋጊዎች ተይዛ ነበር። በግንቦት 1991 የደርግ መንግሥት ሲፈርስ የባሕር ኃይሉ መርከቦች ወደ ጎረቤት ወደቦች ተበተኑ፤ «ኢትዮጵያ» ቀይ ባሕርን ተሻግራ የመን ገባች። አውሮፕላን እንድትጠብቅ የተሠራችው መርከብ የመጨረሻ ሥራዋ አገር ላጡ ሰዎች መሸሸጊያ መሆን ነበር። ከዚያ ወዲያ አልተንቀሳቀሰችም። በ1993 ተሸጠች።

የቀሩት መርከቦች ወደ ጅቡቲ ሄደው እዚያ ተቀመጡ። የወደብ ክፍያ ተጠራቀመ፤ በ1996 ጅቡቲ ያዘቻቸውና በጨረታ ሸጠቻቸው። አራቱን ኤርትራ ገዛች፤ አብዛኞቹ ግን ለብረት ሄዱ። አርባ ዓመት የተለፋበት ነገር በወደብ ዕዳ ተወራረደ።

ብዙ ሰው የባሕር ኃይላችንን መጥፋት ሲቆጭ የሚቆጨው ስለ መርከቦቹ ነው። እኔ ግን፣ እስካሁን የመጣሁበት መንገድ ትክክል ከሆነ፣ ቁጭቱን ሌላ ቦታ ላይ አደርገዋለሁ። «ኢትዮጵያ» ባትሸጥም እስካሁን አርጅታ ትወጣ ነበር፤ የብረት ዕድሜ የታወቀ ነው። አገልግሎቷ የሚኖረው ግን በብረቱ ሳይሆን በሠለጠኑባት ሰዎች ነው ካልን፣ ትልቁ ጥፋት የተፈጸመው ከ1991 በኋላ እነዚያ ሰዎች ሲበተኑ ነው። መርከብ መንዳት፣ ሞተር መጠገን፣ ባሕር ማንበብ ያወቀ ሰው በአዲስ አበባ ታክሲ ነድቷል፤ በዋሽንግተን የመኪና ማቆሚያ ጠብቋል፤ ሙያውን ለማስተላለፍ ዕድል ሳያገኝ አርጅቷል። ቅብብሉ የተቋረጠው እዚህ ላይ ነው። የብረት ቅብብል ቢቋረጥ ሌላ ብረት ይገዛል፤ የሰው ቅብብል ሲቋረጥ ግን ሁሉም ከፊደል ይጀመራል። መንግሥት በ2018 ባሕር ኃይሉን እንደገና ለማቋቋም መወሰኑን ሲያስታውቅ ከመርከብ በፊት ሊፈለግ የሚገባው የሰው ሀብት ይህ ነበር።

ያ ሁሉ ገና አልጠፋም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሃያ ዓመት የሞላው ዕጩ መኮንን ዛሬ ሰማንያን ተሻግሯል፤ በ1980ዎቹ የገባው ባሕርተኛ ግን ገና ስድሳዎቹ ውስጥ ነው። በአዲስ አበባም፣ በአሥመራም፣ በአሜሪካም፣ በአውሮፓም አሉ። መርከቧ ላይ ጠዋት ምን ይሰማ እንደነበር፣ ሞተሩ የት ጋ ያስቸግር እንደነበር፣ ከአሜሪካ መለዋወጫ መምጣት ሲያቆም በምን ዘዴ እንዳሠሯት፣ በ1991 ከወደብ ስትወጣ ማን መሪውን እንደያዘ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። አሜሪካ ስለ 12 ዓመቷ የጻፈችውን ያህል ስለ 29ኙ ሊጽፍ የሚችል ሌላ ማንም የለም።

አንባቢዬ፣ አባትህ ወይም አጎትህ፣ አባትሽ ወይም አጎትሽ በዚያች መርከብ ላይ የሠሩ ከሆነ በዚህ ወር ውስጥ ተቀምጣችሁ ጠይቋቸው። ድምፃቸውን ቅረጹ፤ ፎቶግራፉን ከአልበም አውጥታችሁ ጀርባው ላይ የማን እንደሆነና መቼ እንደተነሣ ጻፉ። ከዚያም ለቤተሰብ ብቻ አታስቀሩት፤ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት እንዲያስቀምጡት ስጡ።